እንጦጦ ማርያም፦ ታንኳ የሌለበት ጋራ

አንባቢ ሆይ፥ ታንኳ ለመቅዘፍ የሚሻ ሰው ወደ እንጦጦ ማርያም አይወጣም። ጋራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ነው። ባሕር የሚባል ነገር ቢኖርበት ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ እርሱም በዓፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ስሙን አገኘ። ይሁን እንጂ እኔና እጮኛዬ ባለፈው ወር በ21 ቀን፥ በማርያም ዕለት፥ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ የወጣነው ስለ ውኃ ለመከራከር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለታችንም ታንኳ እንወዳለን፤ መውደዳችን ግን ከመቻላችን ይበልጣል። በፋሲካ ማግስት ቢሾፍቱ ወርደን በባቦጋያ ሐይቅ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ተከራየን። እኔ በግራ፥ እርሷ በቀኝ ሆነን ስንቀዝፍ ጀልባይቱ ባለችበት እንደ እንዝርት ትሽከረከር ጀመር። በዳር ቡና አፍልተው የተቀመጡት ቤተ ሰቦች ጨዋታቸውን ትተው እኛን ይመለከቱ ነበር። አንድ ሽማግሌ፥ «ኧረ ልጆቼ፥ አንዳችሁ ብታርፉ ይሻላል!» ብለው ጮኹ። ስንወጣ ግን ከረከቦታቸው ሁለት ስኒ አንሥተው አስቀመጡን፤ እስኪመሽ ድረስም ከእነርሱ ጋር ዋልን። የውኃ ዳር ጠባይ ይህ ነው። በአስፋልት ላይ ሰላምታ የሚነፍግህ ሰው በሐይቅ ዳር ፈንዲሻ ይዘግንልሃል። ሕዝባችንም በጎንደር ጥምቀትን በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት፥ በቢሾፍቱ ኢሬቻን በሆራ አርሰዲ ተሰብስቦ ማክበሩ፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ይህን ጠባይ ከጥንት ስላወቀው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጮኛዬ በነርስነት ሥራ ባሕር ዳር ተመደበች። እኔ እዚህ ጉለሌ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የዝውውር ማመልከቻው ቅጽ ከኪሴ ከገባ 3 ሳምንት አልፎታል። ወደ እንጦጦ እንውጣ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እውነቱን ልንገርህና፥ ጋራው ራሱ ስለ እኔ ይከራከርልኛል ብዬ ነበር። ከላይ ሆና ከተማውን ብታይ እንዴት ትሄዳለች ብዬ አሰብሁ።

ስንደርስ ጸሎቱ አልቆ ነጭ የለበሰው ሕዝብ በግቢው ጥላ ሥር ተበትኖ ነበር። ስምንት ማዕዘን ያለውን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ዞርን። ዓፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው፤ ከ2 ቀን በኋላም ወይዘሮ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ጥቂት አለፍ ብሎ የቀድሞው ቤተ መንግሥት አለ። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፥ ኖራ የተቀባ ቤት ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል የእብነ በረድ አዳራሽ የጠበቀ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቆይቶ ግን ይወደዋል። እጮኛዬ ከበራፉ ቆማ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናነበች። ነፋሱ ያንገበግባል።

«በዚህ ብርድ እንዴት ኖሩበት?» አለችኝ።

መምህር ሲጠየቅ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ ተረክሁላት። ሁለቱ የተጋቡት በ1875 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ከፍታውን የመረጡት ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል ብለው ነበር። ዳሩ ግን ጋራው ብርድ ነው፥ ማገዶውም አነሰ። ከዚህ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፥ ከሜዳው ላይ፥ ፍል ውኃ ይፈላ ነበር። ስለዚህ ንጉሡና ባለቤታቸው ከነመኳንንቱ እየወረዱ፥ በፊንፊኔ ድንኳን እያስተከሉ ይታጠቡና ይሰነብቱ ነበር። ወይዘሮ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት። ቤት መሥሪያ ጠይቀው በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራላቸው፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም በየፊናቸው ሰፈር ያዙ። አየህ አንባቢ ሆይ፥ ዛሬ ሁላችንም ደመወዝ የምንቀበልባትና ቤት ኪራይ የምናማርርባት ይህች ትልቅ ከተማ የተወለደችው ከውኃ ዳር ሽርሽር ነው።

እጮኛዬ ሳቀች። «እንግዲያው ጋራውን ትተው የወረዱት እሳቸው ናቸዋ!»

ጋራው ከዳኝ። «ወዲያው አልተዉትም» ብዬ ለመመለስ ሞከርሁ። «ከተማዪቱ ከተቆረቆረች ከ3 ዓመት በኋላ እንኳ ዘውድ የጫኑት እዚህ ነው።»

«እኔ 3 ዓመት አልጠብቅህም» አለች። አሁን አልሳቀችም።

የታሪኩን መጨረሻ ልነግራት አልፈለግሁም ነበር፤ ነገር ግን ቤተ መዘክሩ ውስጥ የነገሥታቱን ልብስና ዕቃ ስናይ ራሷ ጠየቀችኝ። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌ ጣይቱ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ እንዲወጡ ተደረገ። የመጨረሻ ዓመታቸውን በዚህ ጋራ አሳልፈው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው በታዕካ ነገሥት በዓታ ከባላቸው ጎን ነው። ሕዝቡን ሁሉ ወደ ውኃው የሳቡት እመቤት፥ ራሳቸው በደረቁ ጋራ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ይህን ስነግራት ከዕቃው ላይ ዓይኗን አነሣች፤ ለረጅም ጊዜም አልተናገረችም።

ወጥተን ከሸንተረሩ ጫፍ ቆምን። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፥ ጎብጠው፥ ወደ ከተማው ይወርዳሉ። እነርሱን ሳይ ስለ ፍቅር መከራከራችን አሳፈረኝ።

ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና የማውቀውን ትምህርት ይዤ ለመጨረሻ ጊዜ ተከራከርሁ። ይህ ሸንተረር ውኃ ይከፍላል። ዝናቡ በስተ ደቡብ ቢወርድ በቀበናና በቀጨኔ አድርጎ ወደ አቃቂ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳያይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በስተ ሰሜን የወረደው ግን በሙገር በኩል ዓባይን ያገኛል።

«ዓባይ ከየት ነው የሚወጣው?» አለች፥ እንደ ተማሪ።

«ከጣና። ከባሕር ዳር አጠገብ።»

«ታዲያ ይገናኛሉ ማለት ነው።»

«ታች፥ ከበረሃው ሸለቆ ውስጥ ይገናኛሉ።»

«እንግዲህ ከየትኛው ወገን እንደምትወርድ አንተ ታውቃለህ» ብላ ወደ ታክሲው ሄደች።

ዝናቡ ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ ያዘን። ቅጹን ከኪሴ አውጥቼ በጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት፤ እጮኛዬ ከቦርሳዋ እስክርቢቶ አቀበለችኝ። ታክሲው ቁልቁለቱን እየተንገጫገጨ ስለሚወርድ፥ ከስሜና ከ«የሚዛወርበት ከተማ» በቀር ምንም መጻፍ አልቻልሁም።