አፉን ዝጉልኝ

ላፍቶ ባለው ቤታችን፣ ከእማዬ ቁም ሳጥን ጀርባ፣ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ የቆመ አንድ የቤተሰባችን አባል አለ። አይበላም፣ አይጠጣም፣ ለመብራት አያዋጣም። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ግን ሦስታችንንም ልጆቿን እንቅልፍ የነሳን እሱ ነው። ስሙ ውጅግራ ይባላል።

ለማታውቁት እናስተዋውቃችሁ። ውጅግራ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው። ፈረንሳዮቹ በሠራው መኮንን ስም “ፉዚ ግራ” ይሉታል። አባቶቻችን አንድ ላይ አፈፍ አድርገው ውጅግራ አሉት፤ ስናይደርን “ስናድር”፣ ለበልን “ለበን” እንዳሉት ማለት ነው። ሞዴሉ እ.አ.አ. የ1874 ነው። አንድ ጥይት ተኩሶ ሌላ ማጉረስ ነው፤ ጥይቱ ደግሞ የ11 ሚሊ ሜትር ነው። በ1888 ዓ.ም ዐድዋ ላይ የኛ ሠራዊት ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ነበር። እኛም “የቤታችን ውጅግራ ዐድዋ ዘምቷል” እየተባልን ነው ያደግነው። (በነገራችን ላይ፣ ዐድዋ ያልዘመተ ውጅግራ ያለው ቤተሰብ እስካሁን አላጋጠመንም።)

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም፣ አገሪቱ ጦርነት ላይ ሳለች፣ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ መሣሪያ ያለው ነዋሪ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ አሳወቀ። የዚያኑ ዕለት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ማታ ሳሎን ተሰበሰብን። ታላቃችን “ይሄ እኮ ጌጥ ነው፣ ማን ጠመንጃ ይለዋል?” አለ። መካከለኛዋ “ለፈታሽ ጌጥ ነው ብለህ ታስረዳለህ?” አለችው። ትንሹ በጨለማ ወስደን ወንዝ እንጣለው አለ። እማዬ ምንም አላለችም።

በማግስቱ ጋቢውን እንደጠቀለልን ፖሊስ ጣቢያ ተሰለፍን። ከፊታችን ሽጉጥ፣ ከኋላችን ክላሽ። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢው ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አነበበና በተከታታይ ቁጥር ቦታ “1874” ብሎ ጻፈ። ሞዴሉ ነው ብንለው ቀና ብሎም አላየንም።

“ጥይት ስንት አለው?”

“የለውም።”

“ይተኩሳል?”

እርስ በርስ ተያየን። ዕድሜ ልካችንን አብረነው ስንኖር ይህን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። አጠገቡ የተቀመጡ አንድ ሽበታም ሳጅን ተነሥተው እንጨቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። “ውጅግራ! ይሄ ከእኔም ከእናንተም ይበልጣል” አሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸውን ለወጥ አድርገው፣ “ቢሆንም ልጆቼ፣ ጠመንጃ ጠመንጃ ነው” አሉን።

እውነታቸውን ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፣ ያስቀጣልም። በሌላ በኩል ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። እሱ ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱ እንዲንከባከበው ያዛል፤ የቅርስ መሥሪያ ቤቱ ሳይፈቅድም እንዳይጠገን ይላል። አንዱ አዋጅ ቁም ሳጥናችን ጀርባ መሣሪያ ያያል፣ ሌላው ደግሞ ቅርስ። ወንዝ ብንጥለው ቅርስ አጠፋን፤ እንዳለ ብናስቀምጠው መሣሪያ ያዝን። ሰፈራችን ያለ በያጅ ቤት ወስደን አፈሙዙን ብናስደፍነውስ? ያኔ ደግሞ በገዛ እጃችን ቅርስ አበላሸን።

ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል ብለን አገላበጥን። አሜሪካ በ1968 (እ.አ.አ.) ባወጣችው የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 ድረስ የተሠራን ጠመንጃ ጥንታዊ ዕቃ እንጂ እንደ ሌላው መሣሪያ አትቆጥረውም። እንግሊዝም ጥንታዊውን ለጌጥ ወይም ለማስታወሻ ማስቀመጥን ትፈቅዳለች። አውሮፓ ውስጥ ሌላም መንገድ አለ፤ ጠመንጃው ዳግም እንዳይተኩስ ተበይዶ፣ ሥልጣን ያለው አካል መርምሮት፣ ማረጋገጫ ተሰጥቶት ይቀመጣል። ይሄም ቀልድ አይደለም። እ.አ.አ. በጥር 2015 ፓሪስ ላይ ሰው የተገደለባቸው አንዳንድ መሣሪያዎች “አይሠሩም” ተብለው ተሸጠው በኋላ የተጠገኑ ነበሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት ለሁሉም አባል አገሮች አንድ ዓይነት የማምከኛ ደንብ አወጣ። በያጅ ቤት መሄዱ እንደማያዋጣ ያኔ ገባን።

ይህን ሁሉ ለእማዬ በኩራት ስናብራራላት ቡናዋን አስቀመጠች።

“ዐድዋ መዝመቱን እኔ አላውቅም” አለች። “መንዝ ላይ፣ በወሰን ጠብ፣ ሰው እንደገደለ ግን አውቃለሁ። የተኮሰው የአያታችሁ ወንድም ነው። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ ከደረቀ በኋላ አባባ ዳግም እንዳይተኮስበት ብለው ይዘውት መጡ። ለጌጥ አይደለም እዚህ የቆመው። እኔ አፉን ዝጉልኝ ነው የምለው።”

ማናችንም አልመለስንላትም። ስንኮራበት የኖርነው ብረት የአንድ ጎረቤት ደም ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሰውዬ ለባህል ምግብ ቤት ግድግዳ እንድንሸጥለት ጠይቆን ነበር። አልሸጥነውም። ፒያሳ የዐድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም የካቲት ሲከፈት ታላቃችን ለሙዚየም እንስጠው አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሙዚየም የሚፈልገው የዐድዋውን ውጅግራ ነው፤ የመንዙን ማን ይሰቅለዋል?

የምንመኘው ሦስተኛ በር ነው። ፖሊስና የቅርስ መሥሪያ ቤቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ብረቱን በዕድሜው ለይተው፣ የሚያውቅበት ሰው አፉን ዘግቶት፣ ወደ መጣበት ቤት ከነወረቀቱ የሚመልሱበት። አፉ ይዘጋ፣ አካሉ ይቀመጥ፣ ታሪኩም ከነነውሩ አብሮት ይጻፍ። ያለዚያ ሰው የፈራውን መቅበር ወይ መሸጥ ነው። ታሪኩም አብሮ ይሄዳል።

የምዝገባው ወረቀት እስከ ዛሬ “ተከታታይ ቁጥር፦ 1874” ይላል። የማን እንደነበረና ምን እንደሠራ የሚሞላበት ቦታ የለውም። ባለፈው እሑድ አንድ ደብተር ገዛንና እማዬ እየነገረችን ሦስታችን በየተራ ጻፍን። የሟቹንም ስም ጻፍን። እማዬ አልረሳችውም ነበር።

እናንተስ፣ ከቁም ሳጥናችሁ ጀርባ ምን አለ?