ስልሳ ሴኮንድ

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው። አርባ ያህል ሕሙማን በተኙበት ክፍል ሁለት ነርሶች ተረኛ ሆነዋል፤ አንደኛዋ መድኃኒት ለመስጠት ወደ ሌላው ጫፍ ሄዳለች። በዲፕሎማ ከተመረቀች ገና ሁለተኛ ዓመቷን የያዘችው ሌላይቱ፣ በሳንባ ምች ከተኙ አንድ አዛውንት አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ዓይኗን ከሰዓቷ ሳትነቅል ትንፋሻቸውን ትቆጥራለች። በደቂቃ 28። የደም ግፊታቸው ደኅና ነው፤ ትኩሳታቸውም ይህን ያህል አልጨመረም። ቁጥሩን ቻርቱ ላይ አሰፈረች። ከእርሱ በላይ ያሉት ሦስት መስመሮች ሁሉም 20 ይላሉ።

ተከታትሎ የተጻፈ 20 ምን ማለት እንደሆነ በዋርድ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማንም አልቆጠረም ማለት ነው።

ነርሷ ተረኛውን ሐኪም ለመጥራት አመነታች። የመጀመሪያው ጥያቄ «ግፊቱ ስንት ነው?» እንደሚሆን ታውቃለች፤ ግፊቱ ደግሞ ደኅና ነው። የጠራችው ሊነጋ ሲል ነበር። አዛውንቱ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ አረፉ። ቀድማ ብትጠራ ይተርፉ እንደ ነበር ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራት አልቻለም፤ ጥያቄው ግን ለዓመታት አብሯት ኖረ።

ይህን ማመንታት የአንዲት ወጣት ፍርሃት ብቻ አድርጎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል። ሙያው በኢትዮጵያ የተዋረደ ጅማሬ አልነበረውም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ሠልጥነው እ.ኤ.አ. በ1939 በነርስነት ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን እንዲሠሩ አድርጎ አሠልጥኗል። በዚያ አስተሳሰብ ነርሷ ትእዛዝ ጠባቂ ብቻ አልነበረችም፤ ሐኪም በሌለበት መንደር አይታ የምትፈርድ ባለሙያ ነበረች። ፍርዷ የጠበበው፣ የሚገርመው፣ ሐኪም በቅርብ ባለበት ሆስፒታል ውስጥ ነው።

ትምህርቱ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዚያም ወደ ማስተርስ አድጓል። የዛሬ ተማሪ አካላዊ ምርመራን፣ የምርምር ዘዴንና የነርሲንግ ሂደትን ይማራል፤ በሽተኛውን ራሱ መርምሮ ችግሩን እንዲለይ፣ እንዲያቅድና ውጤቱን እንዲመዝን ይጠበቅበታል። ወደ ዋርድ ሲገባ ግን የሚጠብቀው የመርፌ ሰዓትና የፊርማ መዝገብ ነው። ይባስ ብሎም ዲግሪው ባለቤቱን ከአልጋው ዳር አንሥቶ ወደ ቢሮ የሚወስድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፤ ብዙ የተማረው በሽተኛውን በጥቂቱ ያያል።

ያቺ ነርስ በማታው ክፍለ ጊዜ ዲግሪዋን ጨርሳ ወደ ማስተርስ ስትገባ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ርእስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገረችም። ንባቧ እ.ኤ.አ. በ2012 የብሪታንያ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ወዳወጣው የቅድመ ማስጠንቀቂያ መለኪያ አደረሳት። በዚያ ሰንጠረዥ በደቂቃ 25ና ከዚያ በላይ የሆነ ትንፋሽ ብቻውን 3 ነጥብ ያሰጣል፤ በአንድ መለኪያ የተገኘ 3 ነጥብ ደግሞ በሽተኛው በአስቸኳይ እንዲታይ ለመጥራት ይበቃል። ግፊቱን መጠበቅ አያስፈልግም። ያን ሌሊት በእጇ የነበረው 28 በቂ ምክንያት ነበር። የጎደላት ቁጥሩን ይዛ እንድትጠራ የሚያዝዝና ስትጠራ ከኋላዋ የሚቆም ሥርዓት ነው። ሰንጠረዡን አባዝቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ሁለት ነርስ ለአርባ በሽተኛ በሚቆምበት ሌሊት ማን ይቆጥራል የሚለው ግን በሰንጠረዥ አይመለስም።

ዛሬ ተማሪዎችን ለተግባር ልምምድ ወደ ዋርድ ይዛ ትገባለች። በቅርቡ አንዲት ተማሪ ለ15 ሴኮንድ ቆጥራ በአራት አባዝታ 20 ስትጽፍ አየቻት። አልተቆጣችም፤ የራሷን ሰዓት ፈትታ ሰጠቻትና ሙሉ ስልሳ ሴኮንድ አብራት ቆመች። 26 ሆነ። ተማሪዋ የመጀመሪያውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰርዛ አዲሱን ጻፈች፤ ከዚያም ቀና ብላ «ሲስተር፣ አሁን ማንን ልጥራ?» አለቻት።