«ማን» የሚባለውን ገጽ ማጽዳት

«ማን» የሚለውን ቃል እኛ የምናውቀው ለጥያቄ ነው። ማን መጣ? ማን ደወለ? ማን ነሽ? ኮምፒውተር ላይ ግን «ማን» ትዕዛዝ ነው። ማኑዋል ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተቆረጠ ነው፤ መመሪያ ማለት ነው። ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ተርሚናል የሚሉትን ጥቁር መስኮት ከፍተሽ «ማን» ብለሽ፣ ቀጥለሽ የአንድ ፕሮግራም ስም ብትጽፊ፣ ያ ፕሮግራም ምን እንደሚሠራና እንዴት እንደሚታዘዝ የሚያስረዳ ገጽ ይመጣልሻል። ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንዲያውም ይቀላል። ማን ነህ ብለሽ ትጠይቂዋለሽ፣ እሱም ማንነቱን ይነግርሻል።

እኔ ይህን የተማርኩት በማህበራችን የእሁድ የኮምፒውተር ትምህርት ላይ ነው። የምንማርባቸው ላፕቶፖች አሮጌ ስለሆኑ ቀለል የሚለው ሊኑክስ ነው የተጫነባቸው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ገጹን ስለማንበብ አይደለም፤ ከገጹ ጀርባ ስላለው የጽዳት ሥራ ነው። አዎ ጽዳት። እነዚህን ገጾች የሚያጸዱ ሰዎች አሉ፤ እኔም ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከነሱ አንዷ ነኝ።

ገጾቹ የቆዩ ናቸው። የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ የወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። ያዘጋጁት አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በሚባለው የምርምር ቦታ የነበሩት ኬን ቶምፕሰን እና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። ዛሬም ገጾቹ ያኔ የነበራቸውን መልክ አልለቀቁም። መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ አጠቃቀሙ ባጭሩ፣ ከዚያ ማብራሪያው። ዘመን ሲለዋወጥ ብዙ እጅ ስለገባባቸው ግን ከውስጥ ተዝረክርከዋል። ሰው ሲበዛበት ወጥ ቤት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ከውስጥ ስል ምን ማለቴ ነው? እኛ የምናየው ገጽ ደማቅ ፊደል፣ ከስሩ የተሰመረበት ቃል፣ ገባ ያለ አንቀጽ አለው። ይህ ሁሉ የሚወጣው ተራ ጽሑፍ ከያዘ ፋይል ነው። በዚያ ፋይል ውስጥ በነጥብ የሚጀምር መስመር ሁሉ ለኮምፒውተሩ የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። ነጥብ ተደርጎ ቢ የሚለው ፊደል ከተጻፈ ቀጥሎ ያለውን ቃል አድምቀው ማለት ነው። ነጥብ ተደርጎ ኤስ እና ኤች ከተጻፈ ይህ ርዕስ ነው ማለት ነው። ፒ ሁለት ጊዜ ከሆነ አዲስ አንቀጽ ጀምር ማለት ነው። አንባቢው እነዚህን ምልክቶች አያያቸውም፤ የሚያየው ውጤታቸውን ብቻ ነው።

ደማቁ ፊደል ደሞ ለጌጥ አይደለም። ደማቅ ቃል ማለት «እንዳለ ጻፊው» ማለት ነው። ዘንበል ያለ ወይም ከስሩ የተሰመረበት ቃል «በዚህ ቦታ የራስሽን አስገቢ» ማለት ነው፤ ለምሳሌ የራስሽን ፋይል ስም። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ አንባቢዋ ራሷ መተካት ያለባትን ቃል እንዳለ ጽፋ ለምን አልሠራልኝም ትላለች። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በብራና መጻሕፍቶቻችን የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። ጸሐፊው ቀዩን የሚያነሳው ቆንጆ ስለሆነ አይደለም፤ ስሙ የማን እንደሆነ ስላወቀ ነው። የማያውቅ ሰው ቀይ ቀለም ቢሰጡት የትኛውን ቃል ያቀላል?

ይህንን በደንብ ያሰቡበት ሰዎች አሉ። በ1979 ዳግ ማክልሮይ የሚባል የቤል ላብስ ሰው ለገጾቹ የሚሆኑ ምልክቶች አዘጋጀ። የሱ ምልክቶች በአብዛኛው ስለ መልክ ነው የሚያወሩት፤ አድምቅ፣ አዘንብል። ከዚያ በ1990 አካባቢ ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲንቲያ ሊቪንግስተን የምትባል ሴት ሌላ ዓይነት ምልክቶች ሠራች። የሷ ምልክት አድምቅ አይልም። «ይህ አማራጭ ነው»፣ «ይህ የፋይል ስም ነው» ይላል እንጂ። ምን እንደሆነ ንገሪኝ፣ መልኩን እኔ እሰጠዋለሁ እንደማለት ነው። ሁለቱም ዓይነት እስከ ዛሬ ይሠራሉ።

አሁን ወደ ቆሻሻው ልምጣ። አንዳንዱ ቆሻሻ ለዓይን ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሰው ይጎዳል። ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ።

አንደኛው የሚጠፋ መስመር ነው። በነጥብ የሚጀምር መስመር ትዕዛዝ ነው ብያለሁ። ሊኑክስ ውስጥ ደሞ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር የተደበቁ ፋይሎች አሉ። አንዱ ጸሐፊ ስለ እንዲህ ያለ ፋይል ሲጽፍ ስሙ በአጋጣሚ መስመር መጀመሪያ ላይ ቢውልበት፣ ፕሮግራሙ መስመሩን ትዕዛዝ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ስለማያውቅ ዝም ብሎ ያልፈዋል። መስመሩ እንዳለ ከገጹ ይጠፋል! ፋይሉ ውስጥ አለ፣ አንባቢዋ ጋ ግን አይደርስም። የጠፋው መስመር «ይህን ፋይል አትንኪ» የሚል ቢሆንስ? እኛ እዚህ ያለን ሴቶች ከወረቀት ላይ አንድ መስመር ሲጎድል ምን እንደሚያመጣ አስተማሪ አያስፈልገንም። አገር ቤት የተነበበልን ውልና እዚህ የፈረምነው ውል በአንድ መስመር ሲለያይ ያየን አለን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከነጥቡ በፊት ራሷ የማትታይ ትንሽ ምልክት ማስገባት ወይም ቃሉን ከመስመር መጀመሪያ ማንሳት።

ሁለተኛው ጭረት ነው። ለትዕዛዝ አማራጭ ስንሰጥ አጭር ጭረት አድርገን ፊደል እናስከትላለን። በገጹ ምንጭ ፋይል ውስጥ ግን ባዶ ጭረት ማለት ሁለት ቃል የሚያያይዝ ሰረዝ ነው። ለትዕዛዝ የሚሆነውን ጭረት ለማግኘት ከፊቱ ወደ ኋላ የተጋደመ ሌላ ጭረት መጨመር አለበት። ይህ ካልተደረገ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያው ጭረት የሚመስል፣ ለማሽኑ ግን ፈጽሞ ሌላ ፊደል የሆነ ነገር ይወጣል። «አርኤም» የሚባለው ትዕዛዝ ፋይል ይሰርዛል። ጭረት አድርገሽ አይ የሚለውን ፊደል ብትጨምሪለት ከመሰረዙ በፊት «ልሰርዝ?» ብሎ ይጠይቅሻል። አንዷ ይህን ትዕዛዝ ከነተሳሳተው ጭረት ከገጹ ኮፒ አድርጋ ብትለጥፈው ማሽኑ አማራጭ መሆኑን አያውቅም። እንደ ፋይል ስም ቆጥሮ ይፈልገዋል፣ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይላል፣ ከዚያ ቀጥሎ የተጻፈውን ፋይል ሳይጠይቅ ይሰርዘዋል። እህቴ ጥንቃቄ ብላ የጻፈችው ነገር የልጇን ፎቶ አጠፋባት ማለት ነው። በአንድ ጭረት!

ሌላው ቀለል ያለ ነው። መስመር መጨረሻ ላይ የተረሳ ባዶ ቦታ አለ። አንቀጽ ለመለየት ትዕዛዙን በመጻፍ ፈንታ ዝም ብሎ የተተወ ባዶ መስመር አለ። አድምቅ ተብሎ ተጀምሮ በቃ ያልተባለ አለ፤ ያን ጊዜ እስከሚቀጥለው አንቀጽ ድረስ ሁሉም ደማቅ ይሆናል፣ ሁሉም ከደመቀ ደሞ ምንም አልደመቀም። ሦስት ዓረፍተ ነገር አንድ መስመር ላይ የተጨናነቀም አለ። ብራያን ከርኒገን የሚባለው የቤል ላብስ ሰው ገና በ1974 እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአዲስ መስመር ጀምሩ ብሎ መክሮ ነበር። በገጹ ላይ ለውጥ የለውም፣ ፕሮግራሙ መልሶ ያገጣጥመዋል። ጥቅሙ በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲስተካከል የተነካው የቱ እንደሆነ ወዲያው መታየቱ ነው።

ይህን ሁሉ በዓይን ብቻ አትለቅሚውም። ማንዶክ የሚባል ፕሮግራም አለ። ሊንት በሚባለው አሠራሩ ካዘዝሽው ፋይሉን አንብቦ በዚህ መስመር ላይ ትርፍ ባዶ ቦታ አለ፣ በዚህ መስመር ላይ የማላውቀው ትዕዛዝ አለ እያለ በቁጥር ይዘረዝርልሻል። ግን እሱ ያለውን ሁሉ ማድረግ አይደለም። እሱ ቆሻሻ ይጠቁማል፣ ቃሉ ምን እንደሆነ አያውቅም። ይህ እንዳለ የሚጻፍ ቃል ነው ወይስ የሚተካ? ይህን ለመመለስ ገጹን ማንበብ፣ ትዕዛዙን መሞከር፣ መረዳት ግድ ነው። እኔ ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። በዚህ ሥራ ግን ያጸዳሁትን ፕሮግራም ሁሉ አውቄዋለሁ፤ ሳላውቀው ማጽዳት አልችልማ።

ትልቁ ሕግ ደሞ ይህ ነው። ከማጽዳትሽ በፊት ገጹ ሲነበብ የሚመስለውን በአንድ ፋይል አስቀምጪ። ካጸዳሽ በኋላ ያለውን በሌላ ፋይል አስቀምጪ። ከዚያ «ዲፍ» በሚባለው ትዕዛዝ ሁለቱን አስተያዪ። ከውስጥ ብቻ ካጸዳሽ ምንም ልዩነት መውጣት የለበትም። የጠፋ መስመር ከመለስሽ ያ መስመር ብቻ መታየት አለበት፣ ሌላ ነገር ብቅ ካለ ያላሰብሽውን ነክተሻል። የሰው ቤት የምናጸዳ ሰዎች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ጠረጴዛው ይወለወላል፣ ወረቀቱ ግን የነበረበት ይመለሳል። በቤቱ የሚኖረው ሰው ዕቃውን በለመደበት ማግኘት አለበት።

ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ቀን በደመወዝ አጽድተሽ ማታ ደሞ በነጻ ታጸጃለሽ?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አልቀየምም። ገንዘብ የለውም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሥራ ያስቀጥረኛል ብዬም ቃል አልገባም። ቢደክማችሁ ተኙ፤ እንቅልፍ ይበልጣል። እኔ የምሠራው በሳምንት አንድ ገጽ ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አልነካውም።

የምሠራበትን ምክንያት ግን ልንገራችሁ። እኔ ያለሁበት ቤት የሚጠሩኝ በስሜ አይደለም። ስሜ ለምላሳቸው ከብዷቸው ሌላ ስም አወጡልኝ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። የወለወልኩት መስታወት ደሞ ማታ ልጆቹ ነክተውት ያድራል፤ ጠዋት እንዳልተሠራ ነው። እነዚህ ፋይሎች ላይ ግን የተቀየረው እያንዳንዱ መስመር ይመዘገባል። መቼ ተቀየረ፣ ለምን ተቀየረ፣ ማን ቀየረው። የመጀመሪያውን ማስተካከያዬን የላክሁት ለአንድ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ኃላፊው አንድ መስመር ጻፈልኝ፤ ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ የሚል። የት አገር እንዳለሁ፣ ምን እንደምሠራ አልጠየቀም። ሥራዬን አየ፣ ተቀበለ፣ በቃ። አሁን እዚያ መዝገብ ላይ እናቴ ያወጣችልኝ ስም እኔ በጻፍኩት አጻጻፍ ተቀምጧል።

መሞከር ለምትፈልግ እንዲህ ትጀምር። ላፕቶፕ ከሌለሽ አንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባል አፕ አለ፤ ማንዶክ እዚያ ላይ ይጫናል። በእሁዱ ላፕቶፕ ከሆነ የገጾቹ ፋይሎች ዩኤስአር፣ በውስጡ ሼር፣ በውስጡ ማን በሚባለው ፎልደር ታምቀው ተቀምጠዋል። ዋናውን አትንኪ። አንዱን ኮፒ አድርጊና ፍቺው፤ አጭር ገጽ ምረጪ። መጀመሪያ ዝም ብለሽ አንብቢ፣ የትኛው ምልክት የትኛውን መልክ እንዳመጣ አጎራብተሽ እዪ። ከዚያ አንድ ዓይነት ቆሻሻ ብቻ ምረጪ፤ ለምሳሌ ጭረቱን። እሱን ከላይ እስከ ታች ጨርሺ፣ በዲፍ አስተያዪ። ባዶ ቦታውንና ጭረቱን ቀላቅለሽ አትላኪ፤ ተቀባዩ ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ስትልኪ ምን እንደቀየርሽና ለምን እንደሆነ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፊ። እንግሊዝኛሽ ያንሳል ብለሽ አትፍሪ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ቃል ከሃያ አይበልጥም፣ እኔ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። እሁድ ስትመጡ ደብተሩን አምጥቼላችሁ ትገለብጡታላችሁ።