ሆጤ ላይ የተሣለ ባሕር

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የተራራ ከተማ ናት። ሆኖም ሆጤ ሰፈር የድሮ የቤተሰብ አልበም ሲገለጥ ባሕር አይጠፋም። ፎቶ ቤቶች ከወንበሩ ጀርባ የሚሰቅሉት ሥዕል ያለበት መጋረጃ ነበራቸው፤ አንዱ የአበባ ቦታ፣ ሌላው ወደብ። በወደቡ መጋረጃ ላይ ጥቁር ደመና፣ የሚናወጥ ማዕበል፣ ዓለት ላይ የቆመ የመብራት ማማ አለ።

የልጅ ልጆቻችሁ ይህ ፎቅ ምንድን ነው ካሏችሁ፣ መርከብ በሌሊት ከዓለት እንዳይላተም የሚያስጠነቅቅ መብራት ነው በሏቸው። ከጥንቶቹ የታወቀው እስክንድርያ ላይ፣ ፋሮስ በምትባል ደሴት ነበር፤ የመሬት መንቀጥቀጥ እስኪያፈርሰው ከሺህ ዓመት በላይ ቆሟል። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ማማውን ፋሮ ይሉታል። እንግሊዛዊው ተርነር በ1819 እ.ኤ.አ. የቤል ሮክን ማማ ሲሥል፣ ማዕበሉ ማማው ላይ ሲወጣበት አድርጎ ነው። ሠዓሊዎች ማማ ሲሥሉ ሰማዩን ማጥቆር የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ለእኛ ግን ያ መጋረጃ ጌጥ ብቻ አልነበረም። የኮምቦልቻ መንገድ በባቲና በሚሌ አልፎ አሰብ ይደርስ ነበርና ስንቱ የሰፈራችን ጎረምሳ ወደቡ ላይ ጭነት ሊያወርድ ሄዷል። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ።

አንዲት ጎረቤቴ የበኩር ልጃቸው አሰብ ሊሄድ ሲል በዚያ መጋረጃ ፊት የተነሳው ፎቶ አላቸው። በ1983 ዓ.ም. ከአሰብ የተፈናቀለው ሕዝብ ሲመጣ እኔ ቁስል ሳጥብ እሳቸው ከመኪና የሚወርደውን ሰው ፊት ፊቱን እያዩ ዋሉ። ልጃቸው አልነበረበትም። እስከ ዛሬም አልመጣም።

አምና ፎቶው ስለተሰነጠቀ የልጅ ልጃቸው ለማሳደስ ወሰደችው። ባለ ኮምፒዩተሩ ልጅ ስንጥቁን ብቻ ሳይሆን ጥቁሩንም ደመና አንስቶ ሰማያዊ ሰማይ ሊያስገባላቸው ፈለገ፤ ደግነት መስሎት ነው። እማማ አልተቀበሉትም።

«ደመናውን ካነሳችሁትማ መብራቱ ምን ሊሠራ ቆመ?» አሉ።

እኔም የምፈርደው ለእሳቸው ነው። የሌሊት ተረኛ ሳለሁ ክፍሉ ሁሉ ጨልሞ የእኛ ጠረጴዛ ላይ አንዲት መብራት ትቀር ነበር። ቀን ማንም አያያትም። ሌሊት ሕመም የቀሰቀሰው በሽተኛ ግን ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ «ማን አለ?» ይላል። «አለሁ» ስንለው፣ መድኃኒቱ ገና ሳይሰጠው ትንፋሹ ረገብ ይላል። ክረምት ሐረጎን በጭጋግ የወረደ ሾፌርም ይህን ያውቃል፤ በቀትር መብራት አብርቶ ከፊቱ ያለውን ቀይ መብራት እያየ ነው የሚነዳው።

ፎቶው ስንጥቁ ተጠግኖ፣ ደመናው እንዳለ ተመለሰ። አሁን በሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ልጁ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ማማው በትከሻው ላይ ብቅ ብሎ።