ገል ይዞ የመጣ ላፕቶፕ

የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ ጥገና ቤት አይረባም ብለውኛል። ልጣለው?» አለችኝ።

ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ በአዲስ ተተክቷል፤ አዲሱ ግን ባዶ ነው። የዩኤስቢ ማስገቢያዎቹ አይሠሩም፤ ሲዲ ማስገቢያ ከመጀመሪያውም አልነበረውም። የቀረው የኔትወርክ ገመድ መሰኪያው ብቻ ነበር። እሱ በቂ መሆኑን አውቅ ስለነበር «አንጥለውም» አልኳት።

ልጅ ሆኜ ክብሪት ያለቀበት ቤት ልጁን ገል አስይዞ ጎረቤት ይልክ ነበር፤ እሳት ጭረህ ና ይባላል። ፒኤክስኢ የሚባለው ነገር ይኸው ነው። በውስጡ ምንም የሌለው ላፕቶፕ ሲበራ በገመዱ በኩል ለቤቱ ኔትወርክ ሁሉ ይጣራል፦ አድራሻ ስጡኝ፣ የምነሣበትንም ፋይል ንገሩኝ።

ለጥሪው መልስ እንዲሰጥ ያዘጋጀሁት የራሴን ኮምፒውተር ነው። የዴቢያን ሊኑክስ ሥርዓተ ክወናን የኔትወርክ መነሻ ፋይሎች አውርጄ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩና ላፕቶፑን አበራሁት። ስክሪኑ ላይ ኢ53 የሚል የስህተት ቁጥር መጣ። አድራሻ አግኝቷል፤ የፋይሉን ስም የነገረው ግን የለም። አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው፤ ስለ ፋይሉ አያውቅም። ሌላ አድራሻ አዳይ ብጨምር ደግሞ ሁለቱ ተጋጭተው የቤቱ ስልክ ሁሉ ሊታወክ ይችላል። ስለዚህ ዲኤንኤስማስክ የተባለውን ፕሮግራም በፕሮክሲ መልክ አስነሣሁት፦ አድራሻውን ለራውተሩ ትቶ «ፋይሉ እዚህ አለ» ብቻ ይላል።

ሁለተኛው ሙከራ ኢ32 አለ። ላፕቶፑ ፋይሉን ጠይቆ መልስ አላገኘም፤ የኮምፒውተሬ ፋየርዎል 69ኛውን የዩዲፒ ፖርት ዘግቶታል። ለቤቱ ኔትወርክ ብቻ ከፈትኩት። ፋይሉን የሚያደርሰው ቲኤፍቲፒ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ከአጥር ውጪ የሚተውት አይደለም። በተለመደው አሠራሩ 512 ባይት ያደርስና «ደረሰኝ» እስኪባል ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀጣዩን። ፍሙ እንዳይወድቅበት ቀስ ብሎ እንደሚራመድ ልጅ።

በሦስተኛው ተነሣ። የዴቢያን መጫኛ ቋንቋ ምረጡ አለ፤ ከሚመረጡት ቋንቋዎች መካከል «አማርኛ» የሚለውን ስታይ የእህቴ ልጅ ድምፅዋ ተቀየረ፤ «የኛም አለ?» አለችኝ። አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬም የምንጠቀምበት የፒኤክስኢ ደንብ 2.1 የወጣውም በዚያው ዓመት። የመጫኛውን ቃላት ተቀምጦ ወደ አማርኛ የተረጎመ ሰው ይህችን ልጅ አያውቃትም። ትመጣለች ብሎ ግን ፍሙን አዳፍኖ አቆየላት።

ቀሪዎቹ የዴቢያን ሶፍትዌር ጥቅሎች ከኢንተርኔት ሲወርዱ በኮምፒውተሬ በኩል እንዲያልፉ አደረግኩ። አፕት-ካቸር-ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም ያለፈውን ሁሉ ያስቀራል። በሳምንቱ የዶርም ጓደኛዋ ላፕቶፕ ሲመጣ አብዛኛው ነገር ከኔ ዲስክ ተነሥቶ ገባ። ለዳታ ጥቅል ከኪሱ ለሚከፍል ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዴ የተከፈለበት ለሁለት ሆነ፤ ለአሥርም ይሆናል።

እንደ ዴቢያን ያለውን ነፃ ሶፍትዌር የምወደው ለዚህ ነው። ገንዘብ ስለማይጠየቅበት ብቻ አይደለም፤ የተቀበለ ሰው መልሶ ለመስጠት የማንንም ፈቃድ ስለማይለምን ነው። እሳት ቢጫርለት ከምድጃው አይጎድልም፤ የጫረውም ቤት በተራው ለሌላው ይጭራል።

«አይረባም» የተባለባችሁን ማሽን ከመጣላችሁ በፊት የገመድ መሰኪያውን እዩት። የእህቴ ልጅ አሁን የራሷን ፎልደር አዘጋጅታለች። ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛውን ላፕቶፕ ያስነሣችው እሷ ናት፤ እኔ ገመዱን ብቻ አቀበልኳት።