የጓሮ ጌሾ በቆሼ

ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ የሚወስደውን መንገድ ስንይዝ የጉራጌ ተራሮች ከኋላችን ይቀራሉ። መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። የማረቆ ከተማ ቆሼ የምትገኘው በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ማረቆ ሲባል ሁሉም ሰው በርበሬን ያስባል። የማረቆ በርበሬ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። በለቀማው ወቅት በየደጁ ተሰጥቶ መሬቱን ቀይ ያደርገዋል። እኛ ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ስለ በርበሬ አይደለም። በአጥር ጥግ ስለሚበቅለው ስለ ጌሾ ነው።

ጌሾ ምን ይጠቅማል?

ጠላ ያለ ጌሾ ጠላ አይሆንም። ጌሾ ለጠላው ምሬት ይሰጠዋል። ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳዋል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ከታጠነ በኋላ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል። ይህ ጥንስስ ነው። ብቅሉና ቂጣው የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። ለጠጅ ደግሞ የጌሾው እንጨት ይገባል።

ቢራም እንደ ጌሾ ያለ መራራ ነገር ይፈልጋል። እሱም ሆፕ የሚባል ሐረግ አበባ ነው። ሆፕ በደንብ የሚያብበው በበጋ ቀኑ በጣም በሚረዝምበት አገር ነው። ለምሳሌ በጀርመን አገር ይበቅላል። በእኛ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይበላለጥም። ስለዚህ የቢራ ፋብሪካዎቻችን ሆፕን ከውጭ ያስመጣሉ። ጌሾ ግን የገዛ አገራችን ተክል ነው።

የአንዲት እናት ሒሳብ

በቆሼ ከምናስተምራቸው መካከል ጠላ ጠምቀው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጌሾ የሚገዙት በዱቤ ነበር። ነጋዴው በወረቀት ይጽፋል። እሳቸው ማንበብ አይችሉም ነበር። ነጋዴው አላታለላቸውም። ግን ስንት እንዳወጡ አያውቁም ነበር። ቁጥር ከተማሩ በኋላ ወረቀቱን አምጥተው ራሳቸው ደመሩ። ከጠላው ትርፍ ብዙው ለጌሾ ይሄድ ነበር።

«ለምን ከጓሮዬ አልተክልም?» አሉ።

ባለቤታቸው ግን አልተስማሙም። «መሬቱ ለበርበሬውስ መቼ በቃ?» አሏቸው።

እናታችንም እንዲህ መለሱ፦ «የበርበሬው ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። የልጆቹን ደብተርና ጨው የሚገዛው የጠላው ነው። እኔ እርሻውን አልነካም። የአጥሩን ጥግ ብቻ ስጡኝ።»

ባለቤታቸው ጥቂት አሰቡና ተስማሙ። ራሳቸውም ጉድጓዱን ቆፈሩላቸው። ዛሬ በአጥሩ ጥግ አሥር ጌሾ ቆሟል። በበዓል ሰሞን ጠላ ስለሚበዛ አሁንም ትንሽ ይገዛሉ። ዱቤ ግን ቀርቷል።

ጌሾ እንዴት ይተከላል?

1. ጠቁሮ የበሰለ ፍሬ ልቀሙ። ሥጋውን አጥባችሁ ዘሩን በጥላ ሥር አድርቁ።
2. ዘሩ ሳይቆይ በመደብ ላይ ዝሩት። ሣር አልብሱት። ውሃ አጠጡት። ለመብቀል ጊዜ ይወስዳልና አትቸኩሉ።
3. ክረምት ሲገባ ችግኙን ወደ ጓሮ አዛውሩ። ጉድጓዱ ውስጥ ፍግ ጨምሩ።
4. በበጋ ውሃ ያስፈልገዋል። እናታችን እህል ያጠቡበትን ውሃ አይደፉም፤ ለጌሾው ያጠጡታል።
5. ፍየል እንዳይበላው እጠሩት።
6. ቅጠሉን ለመልቀም ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቁ። ስትለቅሙም የጠነከረውን ቅጠል ብቻ ውሰዱ። ለጋውን ተዉት። እንዲህ ከተያዘ ለብዙ ዓመት ይለቀማል።
7. የተለቀመውን በደንብ አድርቁ። እርጥብ ከተከመረ ይሻግታል።

ጌሾ መጀመሪያ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ዓመት ምንም አይሰጥም። ብዙ ሰው የሚተወውም በዚህ ጊዜ ነው። እናታችን ግን የተከሉበትን ቀን በደብተራቸው ጽፈው ነበር። «ቀኑን ሳየው ስንት እንደቀረኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልተሰላቸሁም» አሉን።

ለውይይት

በቤታችሁ በዱቤ የምትገዙት ምንድን ነው? ወረቀቱን አምጡና አንብቡት። ደምሩት። ከዚያ ውስጥ በጓሮ ሊበቅል የሚችለው የትኛው ነው?