የእነርሱ በጋ፣ የእኛ ክረምት

የዛሬው ወሬያችን ስለ አሜሪካ ነው፤ የሚጀምረው ግን ከኮሶዬ ነው።

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል እኛ አራት የግቢ ጓደኛሞች አምስተኛችንን ልንሸኝ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ኮሶዬ ወረድን። አገሩ የወገራ ደጋ ነው፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እናቱ ጋቢ ደረቡልን፣ የገብስ ቆሎ ቋጠሩልን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ሄደን ተቀመጥን። ጉሙ ገለጥ ሲል ቆላው ከታች ይታያል። ጭላዳዎቹ ሣር ይነጫሉ። ልጁ ለዶክትሬት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሊበር ሳምንት ቀርቶታል። እኛስ ምን እያደረግን ነበር? ትእዛዝ እየደረደርን! አንዷ ላፕቶፕ፣ አንዱ ስልክ፣ ጋዜጠኝነት ያጠናነው ደግሞ ካሜራ።

እናላችሁ፣ ግንቦት 2015 ላይ ስልክ ደወለ። ዩኒቨርሲቲው የሚከፍለው የዘጠኝ ወር ብቻ ነው። እኛ ክረምት የምንለው፣ እነርሱ በጋ የሚሉት ሦስት ወር ባዶ ነው። የቤት ኪራይ ግን ዕረፍት አይወጣም። አንድ የሚያውቀው ሰው ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ማጠብ አግኝቶለታል፤ ክፍያው በእጅ፣ ያለ ወረቀት። «ምን ትሉኛላችሁ?» አለን። እኛም ጎንደር ፒያሳ ማኪያቷችንን ይዘን በአንድ ድምፅ «ሥራ አይናቅም፣ ግባበት!» አልነው።

ደግነቱ አልሰማንም። ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠየቀ። መልሱ አጭር ነበር፦ ያለ ፈቃድ የሠራ ተማሪ በአገሩ የመቆየት ሕጋዊ መብቱን ያጣል። ስንት ዓመት የተለፋበት ትምህርት በሦስት ወር ሳህን ማጠብ ሊሄድ ነበር፤ ያውም በእኛ ምክር!

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ለምትሄዱት እንንገራችሁ።

በተማሪ ቪዛ፣ ኤፍ ዋን በሚሉት፣ የሄደ ሰው ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ግቢው ውስጥ መሥራት ይችላል። በዕረፍት ወራት ደግሞ፣ ትምህርቱን የሚቀጥል ከሆነ፣ ሙሉ ሰዓት ይፈቀድለታል። ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ካፍቴሪያ አለ፣ የመምህራን ምርምር አለ። እነዚህ ቦታዎች ግንቦት እስኪደርስ አይጠብቋችሁም፤ ከየካቲት ጀምራችሁ አንኳኩ።

ከግቢ ውጭ መሥራት በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት እንደ ደንቡ የለም። ከዚያ በኋላ ከትምህርታችሁ ጋር የተያያዘ የሥራ ልምምድ፣ ሲፒቲ የሚባል አለ። ፈቃዱ አይ-20 በሚባለው ወረቀታችሁ ላይ ሳይሰፍር አንድ ቀን እንኳ አትሥሩ። ሙሉ ሰዓት የተሠራ ሲፒቲ 12 ወር ከሞላ ደግሞ ኦፒቲ የተባለውን፣ ብዙዎች ከምረቃ በኋላ የሚሠሩበትን የአንድ ዓመት ፈቃድ ያሳጣችኋል።

የመጀመሪያው ደመወዝ ሲመጣ ደስታችሁን ገታ አድርጋችሁ ወረቀቱን አንብቡ። የኤፍ ዋን ተማሪ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚቆረጠው 7.65 በመቶ አይመለከተውም። በስህተት ከተቆረጠባችሁ አስመልሱ። የገቢ ግብር ግን ሌላ ነው፤ እርሱን በየዓመቱ ማሳወቅ ግድ ነው።

እዚሁ አገር ሆናችሁ «የክረምት ሥራ በአሜሪካ» የሚል ማስታወቂያ ላይ ዓይናችሁ ያረፈስ? ጄ ዋን በተባለው ቪዛ የሚኬድበት ፕሮግራም በእርግጥ አለ። ለከፍተኛ ትምህርት መደበኛ ተማሪዎች ሲሆን ቢበዛ ለአራት ወር ነው። የሚያስኬደው ግን የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፈቀደለት ድርጅት ብቻ ነው። ስሙን ከመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር ሳታዩ ለደላላ ሳንቲም አትስጡ። ቪዛ የሚሰጠው ቆንስሉ ነው፤ «ቪዛውን ለኛ ተዉት» ያለ ሁሉ ይዋሻል።

በሕጋዊው መንገድ ሄደው የተማረሩም አሉ። በነሐሴ 2011 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬንያ ውስጥ የኸርሺ ቸኮሌት በሚታሸግበት መጋዘን ከብዙ አገሮች የመጡ የጄ ዋን ተማሪዎች ሥራ አቁመው ሰልፍ ወጡ። ከባድ ካርቶን ሲያነሱ ውለው፣ ኪራዩና ሌላው ተቆራርጦ እጃቸው የሚደርሰው ጥቂት ነበር። በ2012 ደንቡ ጠበቅ ተደረገ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሥራው ምን እንደሆነ፣ የሰዓቱ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ ለኪራይ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ጠይቁ።

የእኛ ልጅ ያንን ክረምት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ሲደረድር ከረመ። ኪራዩን ከፈለ። ለማንም ምንም አልላከም፤ እኛም፣ እውነቱን እንናገርና፣ አኩርፈን ነበር። በቀጣዩ ክረምት በሲፒቲ በሙያው ሠራ። በሦስተኛው መጥቶ እናቱን ሊያይ አስቦ ሳለ፣ ሐምሌ 2017 ላይ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጣቸው አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች የአንድ ጊዜ መግቢያና የሦስት ወር ብቻ እንደሚሆኑ አስታወቀች። ከመጣ ለመመለስ እንደገና ኤምባሲ ደጅ መቆም አለበት። ቢከለከልስ? ቀረ።

እናቱ በስልክ «ሥራ በዝቶበት ነው አይደል ልጆቼ?» ሲሉን «አዎ እማማ» አልን። ምን እንበል?

ኮሶ መራራ ነው፤ ሆድ የሚያጠራው ግን እርሱ ነው። እኛም የድርሻችንን ተጎንጭተናል። የምትሄዱት፣ ከእኛ ምክር በፊት ያንን ቢሮ ጠይቁ። የምንቀረው ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት «ምን ላክህልን?» ማለቱን ትተን «ኪራይህን ከፈልክ ወይ?» እንበል። ካሜራው? ትተነዋል።

ቸር እንሰንብት!